በላንጋኖ ዳርቻ የምሽት እሳት፦ ከማንደድ በፊት፣ በሚነድበት ጊዜና ከጠፋ በኋላ

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሊያድር የሚሄድ ቡድን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችም ይሁኑ ዘመድ አዝማድ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ መኪናውና ስለ ማደሪያው ከሳምንታት በፊት ይነጋገራል፤ ስለ ማታው እሳት ግን «እዚያ ስንደርስ እናነዳለን» ከሚለው ያለፈ ዕቅድ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ጭሱ ሰውን ከመቀመጫው ያስነሣል፤ አለዚያም አንዱ ትዕግሥት አጥቶ ከመኪናው ቤንዚን ቀድቶ ይመጣል፤ ወይም ደግሞ ምሽቱ አምሮ ካለቀ በኋላ ሰዎቹ ፍሙን አሸዋ አልብሰው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ከሦስቱ ብዙ ሰው ጥንቃቄ መስሎት የሚያደርገው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕፃናትን የሚያቃጥለውም እርሱው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ማቀጣጠል የሚለው አጭር ሲሆን፣ አብዛኛው ከክብሪቱ በፊትና ነበልባሉ ከወደቀ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ላንጋኖን የመረጥነው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ለማደር የሚመች አሸዋማ ዳርቻ ያለውና ብዙ ሰው የሚያውቀው ሐይቅ ስለሆነ ነው። የአሸዋው፣ የነፋሱና የፍሙ ጠባይ ግን በየትኛውም የውኃ ዳርቻ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ሌላ ዘንድ የሚሄድ ሰውም ይጠቀምበታል።

ጊዜውና ፈቃዱ

ለዚህ ዓይነቱ ምሽት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ይመረጣሉ። ዝናቡ አቁሟል፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እሳትም ይናፈቃል። ከየካቲት ጀምሮ የበልጉ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ግን በዳርቻው ያለው ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ገለባ ስለሚደርቅ፣ በዚያ ወቅት የሚሄድ ቡድን እሳቱን ማሳነስ፣ ነፋስ ባለበት ማታም ጨርሶ መተው ይኖርበታል። መተው ማለት ምሽቱ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ፋኖስና የከሰል ምድጃም ሰው ይሰበስባሉ።

ከሐይቁ ዳርቻ ብዙው በሎጆችና በሪዞርቶች ይዞታ ሥር ነው። ስለዚህ ክፍል ሲያስይዙ ወይም ለድንኳን ቦታ ሲጠይቁ፣ ከዳርቻው እሳት ማንደድ ይፈቀድ እንደሆነ፣ የተለየ ቦታ እንዳለው፣ እንጨቱን ማን እንደሚያቀርብና እስከ ስንት ሰዓት ማምሸት እንደሚቻል አብረው ይጠይቁ። በርካታዎቹ «ካምፕ ፋየር» ብለው በክፍያ ያዘጋጃሉ፤ ይህ ከሆነ ድካሙ ይቀንሳል፣ ነገር ግን የማጥፋቱን ኃላፊነት ለሠራተኛው ብቻ ትቶ መተኛት አይገባም። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የማንደዱን ሥራ ነው። ከሎጅ ውጭ በሆነ ቦታ የአካባቢውን ቀበሌ ወይም የመሬቱን ባለቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ከአውራ ጎዳናው በስተምዕራብ ያለው የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ስለሆነ፣ «ማንም አያየንም» ተብሎ በዚያ እሳት አይነድም።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ከዚህ ጠበቅ ያለ ደንብ እንደሚጠብቃቸው ይወቁ። ለምሳሌ በሎስ አንጀለስ ዶክዋይለር በተባለው የባሕር ዳርቻ እሳት የሚነደው ለዚሁ በተሠሩ የኮንክሪት ማንደጃዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ በሳን ፍራንሲስኮ ኦሽን ቢች ደግሞ ማንደጃዎቹ ክፍት የሚሆኑት ከማርች እስከ ኦክቶበር ሲሆን፣ የአየር ብክለት ማስጠንቀቂያ በተሰጠበት ቀን እሳት ክልክል ነው። በእነዚህ ቦታዎች አሸዋ ቆፍሮ ማንደድ ቅጣት ያስከትላል፤ ማንደጃዎቹም የሚያዙት ቀድሞ ለደረሰ ስለሆነ፣ በበጋ ቅዳሜ ማታ ቦታ አገኛለሁ ብሎ ጀንበር ስትጠልቅ መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

ቦታውና ነፋሱ

እሳቱ የሚነድበትን ቦታ በቀን ብርሃን፣ ቢዘገይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይምረጡ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ቶሎ ስለሚወርድ፣ በእጅ ባትሪ የተመረጠ ቦታ ብዙ ጊዜ ሥሩ ደረቅ ሣር፣ በላዩም የግራር ቅርንጫፍ ይገኝበታል። የሚፈለገው ከውኃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሣርና ቅጠል የሌለበት ንጹሕ አሸዋ ነው። ቀና ብለው ላይኛውን ይመልከቱ፤ ቅርንጫፍ ካለ ቦታው ይቀየር። አሸዋውንም በአካፋ ጫር አድርገው ይዩት፤ ሥር ካገኙ እዚያ አያንድዱ። በአሸዋ ውስጥ ያለ ደረቅ ሥር እሳት ከያዘው ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ እየጨሰ ይሄድና ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ሊል ይችላል።

ከድንኳን፣ ከመኪናና ከቁጥቋጦ ቢያንስ 5 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ሣር ክዳን ካላቸው ጎጆዎች ግን ይህ ርቀት በቂ አይደለም፤ 30 ሜትር ያህል ቢርቁ ይመረጣል፣ ነፋሱ ወደ ጎጆዎቹ የሚነፍስ ከሆነም ከነጭራሹ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የላንጋኖ ጎጆዎች ከሩቅ ለዓይን ደስ የሚያሰኟቸው የሣር ክዳኖቻቸው ናቸው፤ አንዲት ፍንጣሪ ምን ልትሠራባቸው እንደምትችል ግን የገጠር ሰው አይነገረውም።

የሐይቅ ዳር ነፋስ ቀንና ማታ አንድ አይደለም። ቀን ምድሩ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ማታ ደግሞ ምድሩ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ተገልብጦ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሆናል። በመካከሉ፣ በምሽቱ መግቢያ ላይ፣ ነፋሱ የሚያርፍበት ወይም የሚወላውልበት ጊዜ አለ። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ እሳቱ በተለኮሰበት ሰዓት ጭሱና ፍንጣሪው ወደ ድንኳኖቹ ሊሄድ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብቻ ማንደድና የነፋሱን መዞር መጠበቅ ብልህነት ነው። ሁለተኛ፣ በ11 ሰዓት ጭስ የሌለበት መስሎ የተመረጠ መቀመጫ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጭስ ሊጎርፍበት ስለሚችል፣ መቀመጫዎች የሚነሡ ይሁኑ። ድንጋይና ግንድ አስተካክሎ ክብ መሥራት በፎቶግራፍ ያምራል፤ ጭሱ ሲዞር ግን ሁሉም ቆሞ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ አሸዋ ፊት የሚመታ ነፋስ ከተነሣ እሳት አይነድም፤ ከነደደም ወዲያው ይጠፋል። በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ጉድጓዱ ወደ 1 ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ይበቃል። ጠልቆ ከተቆፈረ አየር አጥቶ ይጨሳል። የወጣው አሸዋ ዙሪያውን እንደ ትንሽ ግድግዳ ይደረደር፤ ፍም እንዳይንከባለል ይይዛል። ድንጋይ መደርደር የለመደብን ነገር ቢሆንም፣ ከሐይቁ ዳር የተለቀመ ድንጋይ ግን አይጠጋው፤ በውስጡ የሰረገ ውኃ ሲፈላ መውጫ ስለማያገኝ ድንጋዩ እንደ ጥይት ጮኾ ሊፈነዳና ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በስምጥ ሸለቆው የሚገኙት ቀዳዳ የበዛባቸው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች በተለይ ውኃ ይጠጣሉ።

እንጨቱ

እንጨት ከቤት ተይዞ ቢሄድ ወይም ከሎጁ ቢገዛ እንጂ ከአካባቢው መቁረጥና መሰብሰብ አይገባም። በላንጋኖና በአብጃታ ዙሪያ የነበረው የግራር ደን ለከሰል እየተቆረጠ ምን ያህል እንደሳሳ በአውራ ጎዳናው ያለፈ ሁሉ በዓይኑ ያየዋል፤ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰልም ከየት እንደመጣ የታወቀ ነው። ለአንድ ምሽት ጨዋታ በዚያ ላይ መጨመር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የደረቀ የባሕር ዛፍ ፍልጥ በቀላሉ ይገኛል፣ ሙቀቱም ጥሩ ነው። ለአሥር ለአሥራ ሁለት ሰው፣ ለአራት ሰዓት ያህል፣ እንደ እሳቱ መጠን ከ25 እስከ 35 ኪሎ ፍልጥ በግምት ይበቃል፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ እሳት ለዚያ ቁጥር ሰው ትልቅ ነው።

የፍልጡን መድረቅ ለማወቅ ጫፉን ይመልከቱ፤ ደረቅ ከሆነ ስንጥቅ ይታይበታል፣ ልጡም በእጅ ሲጎተት ይነሣል። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ ጠንከርና ጠራ ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቀዋል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጡ ውስጣቸው ውኃ አለ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከመጨሱ በላይ እየተንጣጣ ፍም ይወረውራል፤ ጽድም ደረቅ እንኳ ቢሆን ፍንጣሪ ይወዳል፣ ሽታው የሚያምረውን ያህል። ቀርከሃ በአንጓዎቹ መካከል ያለው አየር ሲሞቅ ስለሚፈነዳ ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ አይገባም።

የማይነዱም አሉ። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የተነከረ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ፕላስቲክና የመኪና ጎማ መርዛማ ጭስ ያወጣሉ። የዕቃ መጫኛ ጣውላ ሚስማሩን አሸዋው ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ ነገ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ያገኘዋል። ከዕፅዋት ደግሞ ቁልቋልና ቅንጭብ በፍጹም አይነድዱ፤ ወተታቸው ዓይንን ክፉኛ የሚጎዳ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ስለሚገኙ የደረቀ ግንዳቸው ለማያውቅ ሰው እንደ ማንኛውም ማገዶ ሆኖ ይታየዋል።

ማቀጣጠሉ

አገራችን ደመራ የምታውቅ በመሆኗ፣ እንጨት ሲሰጠው ወደ ላይ አቁሞ መደርደር የማይቃጣው ሰው ጥቂት ነው። ደመራ ግን በአደባባይ የሚነድ፣ ሕዝቡም ርቆ ወዴት እንደሚወድቅ የሚጠባበቀው እሳት ነው፤ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ በሚጫወትበት ዳርቻ መውደቁ አይፈለግም። ስለዚህ ከጉልበት በላይ ከፍታ አይኑረው። ከታች የበቆሎ ቆረቆንዳና ደረቅ ጭራሮ ያድርጉ፤ በላዩ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸውን እንጨቶች ሳያጠጋጉ፣ አየር እንዲያልፍ በመስቀልኛ ያሳርፉ፤ ፍልጡ የሚጨመረው እነዚህ በደንብ ከተያያዙ በኋላ ነው። ጧፍ ካለ ከክብሪት ይልቅ እርሱ ይመረጣል፤ ረጅም ስለሆነ እጅን ከእሳቱ ያርቃል፣ ነፋስም ቶሎ አያጠፋውም። የሚለኩሰው ሰው ነፋሱ ከኋላው እንዲመጣ አድርጎ ይቁም።

ቤንዚን የሚባል ነገር ወደ እሳቱ አይቅረብ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛና ክብሪቱ ሲመጣ እንደ ፈንጂ ይነሣል፤ በሚነድ እሳት ላይ ከተደፋ ደግሞ ነበልባሉ በጅረቱ ተመልሶ ጀሪካኑን ከያዘው ሰው እጅ ይደርሳል። አረቄም ቢሆን ያው ነው። ከጨዋታ ብዛት ብርጭቆውን ወደ እሳቱ የሚደፋ ሰው በየቡድኑ አይጠፋምና፣ ከመጀመሪያው ቢነገረው ይሻላል።

ከመለኮሱ በፊት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልተው፣ አንድ ባልዲና አንድ አካፋ አጠገባቸው አድርገው፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያስቀምጡ። «ሐይቅ አጠገባችን እያለ ውኃ ለምን?» የሚል ይኖራል። በጨለማ፣ በአሸዋ ላይ እየሮጡ፣ ባልዲ ፈልጎ ውኃ ቀድቶ መመለስ ልብሱ የተያያዘ ሰው ሊጠብቀው የሚችለው ጊዜ አይደለም።

አለባበስና አቀማመጥ

በእሳት ዳር ከሁሉ በላይ የሚያምረው ጋቢ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋውም የነጠላ ጫፍ ነው። ጋቢው ወፍራም ጥጥ ስለሆነ ፍንጣሪ ቢያርፍበት ይጠቁራል እንጂ ቶሎ አይንበለበልም፤ ስስ ነጠላ ግን ጥለቱ ፍም ላይ ካረፈ በቅጽበት ወደ ላይ ይያያዛል። እንጨት የሚጨምር፣ ጀበና የሚጥድ ወይም በቆሎ የሚያገላብጥ ሰው ነጠላውን አውልቆ ወይም ወገቡ ላይ አጥብቆ ይቅረብ። የናይለን ጃኬትና የስፖርት ልብስ ደግሞ ሲቀልጥ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ጉዳቱ ይከፋል፤ ሰው ሠራሽ ዊግና ረጅም የተቀጠለ ሹሩባም እንዲሁ፣ ወደ ኋላ ይታሰር። እግር ባዶ አይሁን።

ሰው ፊቱ በወላፈን እየተጠበሰ ጀርባው ይበርደዋል። ስለዚህ እሳቱን ከማተለቅ ይልቅ ጀርባን መሸፈን ይቀላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከታሰበ እሳቱ ራሱ በግማሽ ያንሳል። አቀማመጡ ግማሽ ክብ ይሁን፤ ጭሱ የሚሄድበት ወገን ክፍት ሆኖ ይተው። አዛውንቶች ጭስ የማይደርስበት፣ ተነሥተው ለመሄድም የሚመች ቦታ ይሰጣቸው፤ አስም ያለበት ሰው ካለ እሳቱ ገና ሳይለኮስ ይጠየቅ። ጭሱ ትንኝ ያባርራል የሚለውን ብዙ አይመኑ፤ አካባቢው ወባ ሊኖርበት የሚችል ስለሆነ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋሉ።

ለልጆች ከእሳቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በዱላ አሸዋው ላይ ዙሪያውን መስመር ይሠመርላቸው። «ወደ እሳቱ አትጠጋ» የሚል ቃል ለአምስት ዓመት ልጅ ትርጉሙ ግልጽ አይደለም፤ «ከመስመሩ አትለፍ» የሚለውን ግን ይረዳዋል፣ እንዲያውም ሌላውን ልጅ የሚቆጣጠረው ራሱ ይሆናል። ከዚህም ጋር በየሰዓቱ የሚፈራረቅ፣ መጠጥ ያልቀመሰ አንድ ትልቅ ሰው በስሙ ይመደብ። «ሁላችንም እናያለን» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። ያው ሰው ወደ ሐይቁ የሚሄደውንም ይመልከት፤ ማታ መዋኘት፣ በተለይ ከመጠጥ በኋላ፣ ከእሳቱ የባሰ አደጋ ነው፤ በሐይቁ አንዳንድ ጥግም ጉማሬ አለ።

መብሉና ጨዋታው

ምግብ የሚበስለው በፍም እንጂ በነበልባል አይደለም። እሳቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከተለኮሰ ለምግብ የሚሆነው ፍም የሚገኘው ወደ 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ተርቦ የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር ቆሎና ዳቦ ቀድሞ ይዙር። ከዚያ በአካፋ ከእሳቱ ጥግ ጥቂት ፍም ወደ አንድ ወገን ይሳባል፤ ዋናው እሳት ለሙቀትና ለብርሃን፣ የተሳበው ለመጥበሻ ይሆናል። መካከለኛ ድንች ሳይላጥ በፎይል ተጠቅልሎ በረመጡ ውስጥ ቢቀበር በአንድ ሰዓት ገደማ ይበስላል፤ በቢላ ጫፍ ሲወጋ ያለ ትግል ከገባ ደርሷል። በዚያው ላይ ሚጥሚጣና ጥቂት ቅቤ ካለ ሌላ እራት ባይኖርም አይቆጭም። የበቆሎ እሸት በወቅቱ ከተገኘ ፍሙ ላይ እየተገላበጠ ይጠበስ፤ ቆሮሶ ዓሣ በሽቦ መጥበሻ ላይ ቢደረግ ያምርበታል፣ ጨውና ሎሚ ይበቃዋል። ጀበናው መጨረሻ ይምጣ፤ በአሸዋ ላይ የተሳበ ፍም ዳር ዳሩን ደልደል አድርጎ ለመጣድ ይመቻል።

ስለ ጨዋታው የምለው ትንሽ ነው። ከፍተኛ ድምፅ ያለው ስፒከር በእሳት ዳር አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ለጎረቤት ጎጆዎች ካለው አክብሮት በላይ፣ እሳቱ ሲንጣጣና አንድ ሰው «እርዱኝ» ሲል መስማት ያስፈልጋል። ክራር የሚመታ ካለ ደስታው ሌላ ነው፤ ከሌለም እንቆቅልሽና ተረት ልጆቹን ከትልልቆቹ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጣል። ጨረቃ የሌለባት ሌሊት ከተመረጠች ደግሞ እሳቱ ሲያንስ ኮከቦቹ ይበዛሉ፤ ይህም እሳትን ለማሳነስ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው።

ሰው ቢቃጠል

ልብሱ የተያያዘ ሰው መሮጥ የለበትም፤ ወዲያው መሬት ላይ ተኝቶ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይንከባለል፤ ሌላው ሰው በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አፍኖ ያጥፋው። ከዚያ በኋላ የተቃጠለው አካል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ይቀዝቅዝ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ አብዛኛው ሰው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያቆማል። ሕፃን ከሆነ ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፈን። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እብጠት ሳይመጣ ይውለቅ፤ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ልብስ ግን አይላጥ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና የቡና ዱቄት አይቀቡ፤ ሙቀቱን አምቀው ከመያዛቸውም በላይ ቁስሉን ያቆሽሻሉ፣ ሐኪሙም ተመልሶ መፋቅ ይኖርበታል። ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ። በንጹሕ፣ በማይጣበቅ ጨርቅ ወይም በምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ ላላ ተደርጎ ይሸፈን።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ቀጥታ ወደ ሕክምና ይሄዳል። ከላንጋኖ ወደ ሰሜን ባቱ፣ ወደ ደቡብ ሻሸመኔ ሆስፒታል አለ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሆኖም ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል አንድ መኪና ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም፣ ያልጠጣ ሾፌርም ይኑረው።

ማጥፋቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አሸዋ ነበልባልን ያፍናል፣ ሙቀትን ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም አምቆ ያቆየዋል። እናቶቻችን ለነገ ጠዋት እሳት እንዲኖር ፍሙን በአመድ ዳፍነው የሚያድሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በአሸዋ የተሸፈነ ፍምም እንደዚያው ነው፤ ሰዎቹ ከተኙ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋትም ጭምር፣ ቆዳን በጥልቀት የሚያቃጥል ሙቀት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ላይ ቦታው ሲታይ ጭስ የለ፣ ቅላት የለ፣ ጥቁረትም የለ፤ ዙሪያውን ካለው አሸዋ ምንም አይለይም። ልጁ ከጎጆው ወጥቶ ወደ ውኃው ሲሮጥ በባዶ እግሩ የሚረግጠው ይህንን ነው፤ አሸዋው ስለሚሰምጥም እግሩን ቶሎ መንቀል ያቅተዋል፣ ሲወድቅም በእጁ ይደገፋል።

ስለዚህ የሚጠፋው በውኃ ነው። ለመተኛት ካሰቡበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ለምሳሌ በ4 ሰዓት፣ እንጨት መጨመሩ ይቁም። በ5 ሰዓት የቀረውን ፍም በአካፋ ዘርጋ አድርገው፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆመው፣ ውኃውን በቀስታ ከዳር ወደ መሐል ያፍስሱ። በአንድ ጊዜ ባልዲውን መገልበጥ የሚፈላ እንፋሎትና አመድ ፊት ላይ ይመልሳል። ከዚያ በአካፋው ከሥር ጀምሮ ያገላብጡት፤ እንደገና ያፍስሱ፣ እንደገና ያገላብጡ፤ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋና የሚወጣው እንፋሎት እስኪያቆም ድረስ። ወፍራም ጉማጆች ተገልብጠው በሁሉም ጎናቸው ይራሱ። በመጨረሻ የእጅዎን ጀርባ ወደ አመዱ ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ያዳምጡ፤ ካልተሰማዎት ይንኩት። ለመንካት የሚያስፈራ ከሆነ ለመተው ገና ነው። የጉድጓዱ ግድግዳና ከሥሩ ያለው አሸዋም ግሎ ስለሚቆይ እርሱም ውኃ ይጠጣ። ሁለቱ ጀሪካኖች ላይበቁ ይችላሉ፤ ሐይቁ የሚጠቅመው አሁን ነው።

ከፍሙ ጥቂት በቆርቆሮ አድርጎ ድንኳን ለማሞቅ ማስገባት ሞት ነው። የከሰል ጭስ የሚገድለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በየክረምቱ በር ዘግተው ከሰል አንድደው ስለተኙ ሰዎች የምንሰማው ዜና ድንኳን ውስጥም አይለወጥም። ብርድ ከፈሩ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይዘው ይሂዱ።

የጠፋው ጉድጓድ እስከ ጠዋት ክፍት ሆኖ፣ ጥቁረቱ እየታየ ይደር፤ አራት እንጨት ዙሪያውን ተክለው በመካከላቸው ደማቅ ጨርቅ ቢያስሩ ማታ ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው አይሰናከልበትም። ጠዋት ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ሰው ሄዶ እንደገና በእጁ ይዳስሰው። ቀዝቅዞ ከተገኘ ከሰሉንና ያልነደደውን ጉማጅ ለቅሞ በጆንያ ይያዝ፣ ፎይሉንና ቆርኪውን አይርሳ፤ ወደ ሐይቁ ምንም አይጣል። ከዚያ በኋላ አሸዋው ይመለሳል። የተረፈ ደረቅ ፍልጥ ካለ ተጭኖ ከሚመለስ ለሌሊት ጥበቃው ቢሰጥ ይመረጣል፤ እርሱ በየማታው እሳት ያስፈልገዋል።